ልክ ያስገባኝ ሰው

«ልክሽን እወቂ!» አለኝ ረዳቱ
ከሚኒባሱ ወጥቶ እስከ ደረቱ።
ለገጣፎን አልፌ ዳገቱ ላይ ነበርኩ፤
መልስ አላጣሁም፤ ትንፋሼን ቆጠብኩ።

ብስክሌቱ የአስናቀ ነው፣ የታላቅ ወንድሜ፣
ሃምሳ ስምንት ቁጥር፣ የሚበልጥ ካቅሜ፤
ቀይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የታየ፣
በምስማር የጻፈው ስሙ ግን የቆየ።
ሲኖትራክ ይዞ ጅቡቲ መመላለስ ሲጀምር
«ዝገት እንዳይበላው» ብሎኝ ሄደ፣ ሌላ ሳይናገር።

ስድስት ወር ነዳሁት፤ እንደ ተሰጣ ልብስ
ላዩ ላይ ተዘርግቼ፣ መሪው ጋ እስክደርስ።
አንገቴ ደረቀ፣ ትንሿ ጣቴ ጠፋች፣
ጉልበቴ ከኋላዋ ሌት ሌት አቃሰተች።
«ልምምድ ነው» እላለሁ። ያደግሁት እንዲህ ነው፤
የአስናቀን ጫማ፣ አፍንጫውን በጨርቅ ሞልቼው፣
የአስናቀን ሹራብ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፌው።

ጋሽ ኤጀታ ሰንዳፋ መግቢያ የቆርቆሮ ሱቅ አለው፣
ጣሪያው ላይ አሮጌ ጎማ፣ ነፋስ እንዳይወስደው።
ጎማ ላስነፋ ወረድኩ። ብስክሌቱን ሳያይ
እኔን ነው ያየኝ፣ ከጫማዬ ወደ ላይ፣
ልብስ ሰፊ እንደሚያይ።
«የማን ነው?»
«የወንድሜ።»
«ያስታውቃል። ጫማሽን አውልቂ፣
ከግድግዳው ተጠጊ፣ ተረከዝሽን አጣብቂ።»
የልጁን የሒሳብ መጽሐፍ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፣
ሰጠኝ፤ «ኮርቻ ነው በይና በጭንሽ ወደ ላይ ሳቢው፤
በላይኛው ጠርዙ ልክ እርሳስ ጫሪ» አለና
ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና
አቧራውን ነዝቶብን አለፈ።

ከወለሉ እስከ ጭረቱ ሰባ ስምንት ሴንቲ።
በተሰነጠቀ ስልኩ አባዛው። «ሃምሳ አንድ ተኩል፣ አንቺ።
ሃምሳም ሃምሳ ሁለትም ያስኬዳል።» ክንዴን ዘርግቶ ለካ፤
«ክንድሽ ይረዝማል፤ ሃምሳ ሁለት ነሽ» ብሎ ትከሻዬን ነካ።
«ትንሽ ፍሬም በመቀመጫ ይረዝማል፤
ትልቁን ግን ማን በመጋዝ ያሳጥረዋል?
ቆመሽ በብረቱና ባንቺ መሀል ሦስት ጣት ካልገባ
ድንገት ፍሬን የያዝሽ ዕለት ትከፍዪዋለሽ በዕንባ።
ልክሽን እወቂ፣ ልጄ።»

በአንድ ጠዋት ሁለቴ፣ ያው ቃል።
ያኛው ጠጠር ነበር። ይሄኛው ጫማ።

ጫማዬን ሳስር ነው ግድግዳውን ያየሁት፤
ጭረት በጭረት ነው፣ ስም በስም ሞልቶት።
ገላኔ፣ ሰባ ሁለት፤ ቶላ፣ ሰማንያ ስድስት፤
አንዱ ስም የለውም፣ የዱቤ ሒሳብ ነው ያለበት።
ከኔ ጭረት በላይ፣ ከፍ ብሎ ሁለት ጣት፣
«አስናቀ፣ ሰማንያ ሁለት። ፍሬም፣ ሃምሳ አራት።»

ሃምሳ አራት!
ታዲያ ይሄ ሃምሳ ስምንት የማን ነው?

«ነግሬው ነበር» አለ ጋሽ ኤጀታ፤ «በርካሽ አግኝቶ ገዛው፤
ወገቡን ይዞ ይመጣል። እለምደዋለሁ ይላል። እኔ ምን ልበለው?»

ለጊዜው ኮርቻውን ዝቅ፣ መሪውን ወደኔ አቀረበ፤
«ማስታገሻ ነው» አለና የተረፈ ብሎን ሰበሰበ።
ቀለም ያልነካው ሃምሳ ሁለት ከጣሪያው ተሰቅሏል፤
ዋጋውን ጠየቅሁ፤ የሦስት ወር ደመወዜን ይውጣል።
ሱቁ ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው፤
እስክከፍል ይቆይ እንደሆን አልደፈርኩም ልጠይቀው።

ስመለስ ነፋሱ ከፊት ነበር፤ የጤፍ ማሳው ሲተኛ፣
ያላለቀ ኮንዶሚኒየም በባዶ መስኮቱ ሲያፏጭ ለመንገደኛ።
ጣቴ ግን አልጠፋችም፤ ክርኔም ታጠፈ ትንሽ፤
ፍሬኑን ሳልንጠራራ ያዝኩት፣ ቁልቁለቱ ከሥሬ ሲሸሽ።

ማታ ደወልኩለት። ሚሌ ደርሷል። ሞተሩ ይንጫጫል።
«ወገብህስ?»
«አለ።»
«የመኪናው ወንበርስ? ይመችሃል?»
ዝም አለ። የሌላ መኪና ጥሩምባ አለፈ በመሀል።
«እለምደዋለሁ» አለኝ።